እርጥብ እጅጌ

መጋቢት 24፣ እሑድ

የንስሐ አባቴ አባ ቡክቶር "በየቀኑ ራስህን መርምር" አሉኝ። ራሴን መመርመር ስጀምር እንቅልፍ ይወስደኛል። እንግዲህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ኢንሳፍ ትጽፋለች። እኔ ማንበብ አልችል፣ መጻፍ አልችል፣ ማየት አልችል። ስሜ ግን ፋኑስ ነው፤ ፋኖስ እንደ ማለት። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ዓይኔ ገና ያይ ነበር።

ዛሬ ምን አደረግሁ? ቅዳሴ ቆምሁ። ዲያቆናቱ እንደ አህያ ጮኹ። አንዱን በዱላዬ ነካ አደረግሁት። ትንሽ ነው።

ኢንሳፍ "ትንሽ?" አለች። ትንሽ ነው፤ ጻፊ።

በዚህ መንደር ዜማ የሚያውቅ እኔ ነኝ። ሰው ሙዓሊም ይለኛል፣ የዜማ መምህር ነኝና። በሰሜን በኩል ቆሜ እጀምራለሁ፣ በደቡብ በኩል ያሉት ይመልሳሉ። በዕድሜዬ መልሼ አላውቅም። ሙዓሊም ይመራል እንጂ ተቀባይ አይሆንም።

የደቡቡ ጎን ዘንድሮ ባዶ ነው። አሥር ሰው ቢቆምበትም ባዶ ነው። ወዲዕ የለማ። የሙኒራ ልጅ... ገና ጥርሱን ሳይነቅል እጁን ይዤ ያስተማርሁት። ትንፋሼ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ሳልጨርስ ያነሣልኛል። ኩላሊቱ ከከዳው ወዲህ አልቆመም። ይድናል። ለሁሉም ነግሬያለሁ። ለአባ ቡክቶርም ነግሬያለሁ፣ ለባለሱቁም ነግሬያለሁ። "ለስቅለት የጌታን ቀብር ዜማ የሚመልስልኝ ወዲዕ ነው።" ፋኑስ ያለው ይሆናል።

መጋቢት 27፣ ረቡዕ

ወዲዕ ዘንድ ሄድሁ። እጁ አብጧል፤ ስይዘው ጣቴ ይሰምጣል። ሙኒራ ስታለቅስ እንደ ቆየች ከድምፅዋ ሰማሁ። ገሠጽኋት።

"በዚህ ቤት ለቅሶ የለም። ክርስቲያን አይደለሽም?"

"ክርስቲያን አያለቅስም ያለዎት ማነው፣ ሙዓሊም?"

"እኔ ነኛ።"

ወዲዕ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። "እማ፣ ተይው። ሳምንቱን ሙሉ የሐዘን ዜማ የሚያዜም ሰው እኮ ነው አታልቅሺ የሚልሽ።"

"ያ ሥርዓት አለው" አልሁት። "የሚጀምርበት አለው፣ የሚያልቅበት አለው። የሴቶች ሙሾ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የለውም።"

እውነቴን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንቱን አልቃሽ አባርሬያለሁ። ትንሣኤ አለ እያልን ደረት መድቃት ምንድን ነው? እግዜርን ውሸታም ማለት ነው።

ልወጣ ስል ወዲዕ እጄን አልለቀቀም። "ሙዓሊም፣ ለስቅለት ባልኖርስ?"

"ትኖራለህ።"

"ባልኖርስ?"

"ትኖራለህ አልሁ!"

ዝም አለ። ጥሩ። እምነት ማለት ይህ ነው።

መጋቢት 30፣ ቅዳሜ

የአልዓዛር ቅዳሜ። ዘንባባ ጎነጎንሁ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ለወዲዕ ትልቅ መስቀል ሠራሁለት፣ የስንዴ እሸት ሰካሁበት።

ኢንሳፍ ሙኒራን ገበያ አይታታለች። የኢዮብ ቅጠል ስትገዛ። ረቡዕ፣ በኢዮብ ቀን፣ ገላውን ልታሽበት። ኢዮብ ከቁስሉ የዳነው በዚያ ቅጠል ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም... ግን ይሁንላት። የሚድን ነው የሚታሸው። እሷም እንደኔ ማመን ጀምራለች ማለት ነው።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

ሆሳዕና። ከቅዳሴው በኋላ የሁላችንን ፍትሐት አደረስን። በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት የለም፤ ሳምንቱ የጌታ ሞት ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ዛሬ አስቀድሞ ይፈታል። ማን እንደ ሆነ አይታወቅ፣ ሁሉም ይቆማል። መጨረሻ ላይ ውሃው ሲረጭ ጠብታው እንዳያመልጠው ሰው ይጋፋል።

ልንጀምር ስንል ከበሩ በኩል እግር ሲጎተት ሰማሁ። ያን እግር ለይቼ አውቀዋለሁ። ወዲዕ ነው፤ በአንድ በኩል እናቱ፣ በሌላው ጎረቤት ደግፈውት።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አልሁት።

"ፍትሐቱን ልሰማ።"

"ቅዳሴው ሲደርስ የት ነበርህ?"

"መቆም አልቻልሁም፣ ሙዓሊም። ይህችን ብቻ።"

ገባኝ። እኔ ለአገር ሁሉ ይድናል እያልሁ፣ እሱ በሰው ፊት የራሱን ፍትሐት ሊሰማ ይመጣል!

"መልሱት ወደ ቤቱ" አልሁ። "ይህ ለሚሞት ነው። አንተ አትሞትም።"

"ሁሉም ቆሞ የለ እንዴ?" አለች ሙኒራ። "ሕፃን ያዘሉት ሳይቀሩ?"

"ሌላው የቆመው ለወጉ ነው። እሱ የመጣው ተስፋ ቆርጦ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው በኔ ዜማ ሥር አይቆምም።"

አባ ቡክቶር መቅደስ ውስጥ ነበሩ፣ አልሰሙም።

"ልስማው ብቻ" አለ ወዲዕ። በቀስታ። ስለ ድምፅ እንደሚያውቅ ሰው፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ።

ዱላዬን በሩ ላይ አጋደምሁት። "ለስቅለት ትመልስልኛለህ። ሂድ ተኛ፤ ድምፅህን አሳርፍ።"

ሄዱ። ጥሩ አደረግሁ። እምነት ጥርስ አለው።

አባ ቡክቶር ውሃውን ሲረጩ እንደ ልማዳቸው እኔን አጠገቡኝ። ቀኝ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ራሰ። ከዚያው በቀጥታ ወደ ወዲዕ ቤት ሄድሁ፣ የዘንባባ መስቀሉን ይዤ። ቂም እንደሌለኝ ይወቅ ብዬ። ቃል አልተናገረኝም። እጄን ፈለገ። በሁለት እጁ እጅጌዬን ይዞ ፊቱን ቀበረበት። ግንባሩን... ዓይኑን... አፉን። ብዙ ቆየ።

ማፈሩ ነው። ይቅርታ መጠየቁ ነው። ልቤ ተነካ። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ" አልሁት።

ሙኒራ ጓዳ በር ላይ ነበረች።

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ

ጥቁሩ መጋረጃ ተሰቀለ። መቅደሱ ተዘጋ፣ ዕጣን የለም። ድምፄ ደህና ነው። ኢንሳፍ ጀላቢያዬን አጠበች።

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ወዲዕ ሞተ። ከሰዓት በኋላ። ከተማ ኩላሊቱን አሳጥበው ሲመለሱ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ እናቱ ትከሻ ላይ። የተኛ መስሏት እስከ ቤት ድረስ ሳትንቀሳቀስ መጣች አሉ።

ኢንሳፍ ሌላ ምን ልጻፍ ትላለች።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

የኢዮብ ቀን። ቀበርነው።

ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ ከኋላ ተቀመጠ። የሰዓቱን ጸሎት አደረስን፣ የሰዓቱን ንባብ አነበቡ። በስሙ አንድም ቃል አልተጸለየለትም። እንደ ማንኛውም ምእመን ሰምቶ ወጣ። ሥርዓቱ ይህ ነው። ሥርዓቱን ለዚህ አገር ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ሲያልፉብኝ ሸተተኝ። መራራ፣ ለምለም ሽታ። የኢዮብ ቅጠል... ሊድንበት የተገዛው። ገንዘውበታል።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፦

"ሆሳዕናም ፍትሐቱ ላይ አልቆመም አሉ።"

"እንዴት ሳይቆም? አልቻለም?"

"መጥቶ ነበር እንጂ። መልሶት ነው።"

"ማን?"

"ያ ዕውር።"

በፊቴ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ የለም። ከኋላዬ ግን ስንት ዓመት ሲሉኝ ኖረዋል?

መቃብሩ ላይ ሙኒራ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሙዓሊም አላለችኝም። አንቱም አላለችኝም።

"ፋኑስ" አለች። "ድምፁን አሳርፏል። ደስ ይበልህ።"

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

አባ ቡክቶር አስጠሩኝ። ወሬውን ሰምተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር... ቢቆጡ በወደድሁ።

"ፍትሐቱ ለሁሉም ነው። በሩቅ ላለም፣ ለተኛም፣ ለተከለከለም ይደርሳል" አሉኝ።

"ይህን ለሙኒራ ነገሯት?"

"ነገርኋት።"

"ምን አለች?"

"'የመለሰው ሰው ይንገረኝ' አለች።"

እግር መታጠቢያው ላይ ሳልቆይ ወጣሁ። እግሬን ማን ያጥበዋል? በሩ ላይ ቆሞ የከለከለውን እግሬን?

እንዲህ የሚያብሰለስለኝ ምንድን ነው? ይድናል ማለት ኃጢአት ነው? አምኜ ነበር። ወይስ... ያመንሁት በእግዜር ሳይሆን በራሴ አፍ ነው? ሰው ፊት ብያለሁና መሆን አለበት ብዬ? ልጁ ሞቱን ሲያየው ነበር። ከኔ ጋር ሊነጋገርበት ፈለገ፤ "ባልኖርስ?" አለኝ፣ ሁለት ጊዜ። አፉን ዘጋሁት። ብቻውን ትቼው ሄድሁ፤ ያንንም ተስፋ አልሁት።

ኢንሳፍ እየጻፈች አፍንጫዋን ትጠርጋለች። አታልቅሺ ልላት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት።

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

ስቅለት። ኮምጣጤ ቀመስሁ፣ ሌላ አልወረደልኝም። ወደ ማታ የጌታ ቀብር ላይ ደረስን። አባ ቡክቶር የስቅለቱን ሥዕል በነጭ በፍታ ጠቀለሉት። የጽጌረዳውና የሽቱው ሽታ ቤቱን ሞላው። የክርስቶስ ቀብር ሁሉ ነገር አለው፤ ሽቱ አለው፣ አበባ አለው፣ የሚያዜምለት አለው...

ጀመርሁ። ትንፋሼ አለቀ፤ ለመልሱ ቆምሁ። የደቡቦቹ ዘገዩ። ዜማውን ያውቁታል፣ እኔን ግን አያውቁኝም።

በዚያች ባዶ ቦታ ከሴቶች በኩል ድምፅ ወጣ። ቃል የለውም። ሙኒራ ናት።

ከጎኔ አንድ ዲያቆን ሊያስቆማት ተነሣ። ሴት ስትጮህ ፈጥናችሁ ሂዱ ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የለበሰውን ጨምድጄ ያዝሁት። "ተቀመጥ" አልሁት።

የቀረውን እንዴት እንደ ጨረስሁት አላውቅም። ስንወጣ ሰዎች እጄን ሳሙኝ። "ዘንድሮ ድምፅዎ ልዩ ነበር፣ ሙዓሊም! ልብ ይሰብራል!" ልዩ! ሌባ በሰረቀው ሲመሰገን እንዲህ ያፍር ይሆን?

ሚያዝያ 8፣ እሑድ

ትንሣኤ። ጥቁሩ ወረደ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኢንሳፍ ወደ ሙኒራ መራችኝ።

"ክርስቶስ ተነሣ" አልኋት።

ይህን ሰላምታ የማይመልስ ክርስቲያን የለም። ጠላትም ይመልሳል።

አልመለሰችም። ሽታዋ ከፊቴ ራቀ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

የፀደዩ በዓል። አገሩ ሁሉ የተቀለመ እንቁላልና የጨው ዓሣውን ይዞ ዓባይ ዳር ወጥቷል። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሰው ሳያየኝ ሙኒራ ቤት ደረስሁ። ኢንሳፍ በር ላይ ቀረች። የሆነውን እንዳለ አጽፋታለሁ።

"ፍትሐቱ ለሁሉም ነው" አልሁ። "ደርሶታል።" ቆሜ። እንደ ደብዳቤ አድራሽ።

"ሌላስ?" አለች።

በድያለሁ ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ነው የሄድሁት። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፦

"ደግሞ እኮ... ያን ዕለት ተቀያይመን አልተለያየንም። ይቅር ብዬው ነበር።"

ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

"ምኑን ነው ይቅር ያልኸው?"

"ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነዋ። እጅጌዬን ይዞ፣ ፊቱን..."

"እጅጌህ እርጥብ ነበር።"

አልገባኝም።

"እርጥብ ነበር፣ ፋኑስ! ውሃውን ለብሰኸው መጣህ። እሱን የከለከልኸውን ውሃ። ከእጅጌህ እየጨመቀ ፊቱን አበሰበት። በከንፈሩም መጠጠው። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ፤ አንተ እንደ ጳጳስ ቀጥ ብለህ ይቅር ብዬሃለሁ ትላለህ።"

የምይዘው ግድግዳ ፈለግሁ።

"ከሄድህ በኋላ ምን አለኝ መሰለህ? 'እማ፣ አትቀየሚው። ሙዓሊም ራሱ አመጣልኝ' አለኝ።"

ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ኢንሳፍ እጄን ይዛ መለሰችኝ።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ጀላቢያዬን አምጪ አልኋት። እጅጌውን አሸተትሁት። ሳሙና ብቻ።

"ለምን አጠብሽው?"

"ሳምንት ለብሰኸው ነበር፣ አባዬ።"

እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

ለአባ ቡክቶር ሁሉንም ተናዘዝሁ። ሳላሳጥር። ንስሐ ስጡኝ አልሁ፤ ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን።

"በሃምሳው ቀን ስግደት የለም፣ ጾምም የለም። ለዲያቆናቱ ያስተማርኸው አንተ ነህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሂድና ከሙኒራ ጋር ተቀመጥ።"

"ምን ልበላት?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት አልችልበትም፣ አባ።"

"እሱን ነው የሰጠሁህ" አሉ። የሳቁ መሰለኝ።

ሚያዝያ 15፣ እሑድ

ዳግም ትንሣኤ። ከቅዳሴ በኋላ ሄድሁ። መደቡ ላይ ቁጭ በል እስክትለኝ አልጠበቅሁም፤ አላለችኝምም። በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። እዚያ ተቀምጬ አላውቅም፤ ነፋስ አለው።

"ክርስቶስ ተነሣ" አልሁ። ሰላምታው ይኸው ብቻ ነው በዚህ ወራት፤ ሌላ የለኝም።

"እሱስ ተነሣ" አለች። "የኔውስ?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ሕፃንም ያውቀዋል። ስንት ሐዘንተኛ ላይ ወርውሬዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ። ዛሬ ግን አልወረወርሁትም። ውሸት ስለ ሆነ አይደለም። እውነት ስለ ሆነ ነው፤ እውነትን በእንዲህ ያለ አፍ...

"በድያለሁ" አልሁ። "ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር፣ አልሰማሁትም። አንቺንም ሰው ፊት አዋረድሁሽ። በድያለሁ፣ ሙኒራ።"

ብዙ ዝም አልን። ሲያልፍ የሰማሁት ባጃጅ ብቻ ነው። ከዚያ መፍተል ጀመረች መሰለኝ፤ እጇ የሆነ ነገር ሲያሽ ይሰማል። ደረቅ ቅጠል ነው። ከኢዮብ ቅጠል የተረፈው። ሽታው መጣ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ጀመረች፦

"ቅጠል ገዛሁልህ እንድትድንበት፣
ገላህን አጠብሁት ልትቀበርበት።"

ቆመች። ትንፋሿ አለቀ። ሙሾ የሚቀበል ይፈልጋል፤ ሴቶቹ በሃምሳው ቀን አይመጡም፤ ሐዘን የለም ብዬ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ያችን ባዶ ቦታ አወቅኋት። ዓርብ ዕለት እኔም ቆሜባታለሁ።

"ልትቀበርበት" አልሁ።

ድምፄ ተሰነጠቀ። ታስወጣኛለች ብዬ ዱላዬን ፈለግሁ።

"ከፍ አልህብኝ" አለች። "ዝቅ አድርገው።"

በዕድሜዬ ዜማ ያረመኝ ሰው የለም። ዝቅ አደረግሁት።

"ልትቀበርበት።"

"እንዲያ" አለች፤ ቀጠለች። እሷ መራች፣ እኔ ተቀበልሁ። ስለ እጁ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ባጃጁ፣ እግዜር ያን ጊዜ የት እንደ ነበረ... ጠየቀችው። ደጋግማ ጠየቀችው። አላቋረጥኋትም። ጥያቄውንም ተቀብዬ መለስሁት፣ ከኔ ጥያቄ ጋር። ውሸታም እያለችው አልነበረም። የምታወራው ከሱ ጋር ነው። ከሌለ ሰው ጋር እንዲያ አይወራም።

ፀሐይዋ ከትከሻዬ ስትወርድ ኢንሳፍ መጣች። ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ፦

"ሙዓሊም" አለች ሙኒራ።

ቆምሁ።

"በእውነት ተነሣ።"

ከቀትር በፊት ላልሁት ሰላምታ ነው። አሁን መለሰችው። መልስ ያዘገየ ዲያቆን በዱላ የምነካ ሰው ነኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ ተቀበልሁት።